«ሲዲ ኤይት ስንት ነው?» የሐሞት ከረጢት ካንሰርና የመከላከያ ሴሎች ቆጠራ

አዳማ ውስጥ «ሲዲ ፎር» ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የኤችአይቪ መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ቃሉ ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ሰፈር ገብቷል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደስታ ነው፣ ሲወርድ ጭንቀት። አሁን ደግሞ ያው ስም በሌላ በር እየመጣ ነው። ዘመዱ የሐሞት ከረጢት ካንሰር ተገኘበት የተባለ ሰው ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ፣ «ሲዲ 8 የበዛላቸው ታካሚዎች ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል» የሚል የምርምር ውጤት ይገጥመዋል። ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ የታወቀ ነው። የእናቴስ ስንት ነው? የት ይለካል? ዋጋውስ?

መልሴን ላስቀድም። ካንሰሩ ውስጥ የገቡት ሲዲ 8 የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ቆጠራ እውነተኛ ነገር ይናገራል። ዛሬ ባለው ዕውቀት ግን የአንድን ታካሚ ሕክምና አይቀይርም፤ ስለዚህ ለእሱ ብሎ ከኪስ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቆጠራው የሚሠራበት ሥጋ፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና የወጣው ናሙና፣ ሕክምና የሚቀይሩ ሌሎች መልሶችን ይዟል። እሱ ሳይመረመር የሚቀርበት ጊዜ ግን አለ።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ«ጨጓራ» እስከ «የወፍ በሽታ»

የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር የተለጠፈች ትንሽ ከረጢት ናት። ጉበት የሚያመርተውን ሐሞት አጠራቅማ፣ ቅባት ያለው ምግብ ሲገባ ትለቃለች። ሐሞቱ ሲረጋና ሲጠጥር የሐሞት ጠጠር ይሆናል። ካንሰሩ ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጠጠርም አለባቸው። ወደ ኋላ ሲነበብ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጠጠር ካለባቸው ሰዎች ካንሰር የሚይዛቸው እጅግ ጥቂቶቹን ነው። ይህን ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በአልትራሳውንድ ጠጠር የታየበት ሁሉ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

በሽታው በዓለም ደረጃ ብርቅ ከሚባሉት ውስጥ ነው። የ2022 ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ወደ 122 ሺህ አዲስ ታካሚ፣ ወደ 89 ሺህ ሞት ያስቀምጣል። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ልብ ይበሉ። በሴቶች ላይ ይበዛል። በቺሊ፣ በቦሊቪያና በሰሜን ሕንድ ደግሞ ከሌላው ዓለም ጎልቶ ይታያል። ከምክንያቶቹ አንዱ እኛንም ይነካናል። የታይፎይድ ባክቴሪያ በጥቂት ሰዎች ሐሞት ከረጢት ውስጥ፣ በተለይ ጠጠር ካለ፣ ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሰዎች ላይ የካንሰሩ ዕድል ከፍ ይላል። በእኛ አገር ትኩሳት ያለው ሁሉ «ታይፎይድ አለብህ» ስለሚባል፣ ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ እንዳይደነግጥ። በአንድ ጠብታ ደም ታይፎይድ የተባለውና ባክቴሪያውን ተሸክሞ የሚኖረው ሰው በጣም ይለያያሉ።

ሞቱ የበዛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የከረጢቷ ግድግዳ ስስ መሆኑ ነው። ካንሰሩ ጥቂት ከገፋ ጉበት ላይ ደረሰ ማለት ነው። ሁለተኛው ምልክቱ ከሌላ በሽታ ጋር መመሳሰሉ ነው። ከላይኛው ሆድ በቀኝ በኩል፣ በተለይ ክትፎ ወይም ቅቤ የበዛበት ወጥ ከተበላ በኋላ የሚመጣ፣ አንዳንዴ ወደ ቀኝ ትከሻ የሚወጣ ሕመም እኛ ጋ ስሙ አንድ ነው፦ ጨጓራ። ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ዓይን ቢጫ ሲሆን ደግሞ ሌላ ስም ይመጣል፦ የወፍ በሽታ። ወፏ በላዩ ስላለፈች ነው ይባልና ወደ ባህል ሐኪም ይኬዳል። በዚህ ካንሰር ዓይን ቢጫ ሆነ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የሐሞት መውረጃው ቱቦ ተነክቷል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት የሚባክነው እያንዳንዱ ሳምንት ውድ ነው።

የአሜሪካ መረጃ ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። ካንሰሩ ከከረጢቷ ሳይወጣ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘ ግን ከ100 ሰው 3 ገደማ ብቻ። ከዚህ በታች የምናያቸው የሴል ቆጠራዎች ሁሉ የሚነጻጸሩት ከዚህ ልዩነት ጋር ነው።

ሴሎቹ እነማን ናቸው?

ካንሰር ሲነሳ የሰውነት መከላከያ ዝም ብሎ አያይም። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ዕጢው፣ ማለትም ካንሰሩ ወደሠራው እብጠት፣ ይገባሉ። ዓይነታቸው ብዙ ስለሆነ ሳይንቲስቶች በላያቸው ላይ ባሉ ፕሮቲኖች ይለዩዋቸዋል። ሲዲ የሚለው መጠሪያና ተከታይ ቁጥሩ ከ1982 ጀምሮ ለእነዚህ ፕሮቲኖች የተሰጠ ዓለም አቀፍ መለያ ነው። ሲዲ 3 ቲ ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሁሉ ላይ ይገኛል። ሲዲ 4፣ የምናውቀው ሲዲ ፎር፣ የአስተባባሪዎቹ ነው። ሲዲ 8 የገዳዮቹ ነው፤ የታመመውን ሴል ተጠግተው የሚያጠፉት እነሱ ናቸው። ሲዲ 20 የቢ ሴሎች፣ የሌላው ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች፣ ነው። ሲዲ 68 ማክሮፋጅ የሚባሉትን ትልልቅ በላተኞች ያሳያል። ሲዲ 163 ደግሞ ከማክሮፋጆቹ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዕጢውን የሚጠቅሙትን ይጠቁማል። አዎ፣ የራሳችን ሴል ጠላትን ሊረዳ ይችላል።

ከሁሉም የሚገርመው ፎክስፒ 3 የሚባለው ነው። ይህ ተቆጣጣሪ የሚባሉት ቲ ሴሎች ምልክት ነው። ጠብ ሲነሳ መሃል ገብቶ «ተው፣ በቃ» እንደሚል ገላጋይ፣ መከላከያው የራሱን አካል እንዳይፈጅ ያበርዱታል። ያለ እነሱ ሰውነት ራሱን ይበላል። ካንሰር ውስጥ ግን ገላጋዩ የሚያድነው ጥፋተኛውን ይሆናል። እነዚህን ሴሎችና ጂናቸውን ያገኙት ሜሪ ብሩንኮው፣ ፍሬድ ራምስዴልና ሺሞን ሳካጉቺ የ2025ን የሕክምና ኖቤል ወስደዋል። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ2018፣ ያው ሽልማት የተሰጠው የመከላከያ ሴሎችን ፍሬን በማላቀቅ ካንሰርን ለማከም መንገድ ለከፈቱት ለጄምስ አሊሰንና ለታሱኩ ሆንጆ ነበር። ዘርፉ የት እንደደረሰ ከዚህ ይታያል።

ቆጠራው በደም አይሠራም። ከኤችአይቪው ሲዲ ፎር የሚለየው በዚህ ነው። የወጣው ሥጋ ፎርማሊን በሚባለው፣ ሥጋ እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ በሰም ይደርቃል፣ ከፀጉር በሚቀጥን ውፍረት ተቆርጦ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ከዚያ አንዱን ፕሮቲን ብቻ መርጦ የሚይዝ አንቲቦዲ ይጨመርበታል፤ የተያዘው ሴል ቡናማ ቀለም ይይዛል። ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም የሥጋ ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ በማይክሮስኮፕ፣ ወይም ዛሬ ዛሬ ኮምፒውተር፣ ቡናማዎቹን ይቆጥራል። የት እንደቆሙም ይታያል። ዕጢው መሃል የገባ ሲዲ 8 እና ዳር ላይ ቆሞ የቀረ ሲዲ 8 እኩል አይደሉም።

ጥናቶቹ ምን አሉ?

ለሐሞት ከረጢት ካንሰር ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ2003 ከጃፓን የወጣ ጥናት፣ በዕጢው ውስጥ ሲዲ 4፣ ሲዲ 8 እና ዴንድሪቲክ የሚባሉት፣ ጠላትን ለቲ ሴሎች የሚያሳዩ ሴሎች የበዙላቸው ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ እንደኖሩ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመጡ በርካታ ሥራዎችም ስለ ሲዲ 8 በአመዛኙ ወደዚያው ያዘነብላሉ። ፎክስፒ 3 ላይ ግን ውጤቱ የተደበላለቀ ነው፤ አንዱ መጥፎ ምልክት ነው ሲል ሌላው ልዩነት አላገኘሁም ይላል።

እዚህ ላይ ነው ቀስ ማለት የሚያስፈልገው። በሽታው ብርቅ በመሆኑ በአንድ ሆስፒታል የሚሰበሰቡት ናሙናዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአሥሮች፣ ሲበዛ በመቶዎች። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት ደግሞ መደርደሪያ ላይ በተቀመጡ አሮጌ ናሙናዎች ነው። ናሙና ያለው የተቀደደ ሰው ነው። የተቀደደ ሰው ደግሞ ገና ሊቀደድ የሚችል ደረጃ ላይ የነበረ ሰው ነው። ብዙው ታካሚ ግን ከዚያ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለ እሱ ጥናቶቹ ብዙም አይናገሩም።

ሌላም አለ። ለዓመታት ጠጠር የኖረበት ከረጢት ካንሰር ከመያዙም በፊት የተቆጣ ነው። በቁጣው የመጡ ሴሎች በውስጡ ሞልተዋል። ቡናማ ቀለም የያዘው ሲዲ 8 ካንሰሩን ሊዋጋ የመጣ ነው ወይስ ድሮ በጠጠሩ ምክንያት የመጣ? ቀለሙ ይህን አይለይም።

ትልቁ ችግር ግን «ብዙ» የሚባለው ስንት ነው የሚለው ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የራሳቸውን ታካሚዎች ለሁለት ይከፍሉና ከመሃል በላይ ያለውን «ብዙ»፣ በታች ያለውን «ጥቂት» ይላሉ። እንግዲህ አንድ ጥናት ውስጥ «ብዙ» የተባለ ታካሚ ሌላው ጥናት ውስጥ «ጥቂት» ሊባል ይችላል። በትልቁ አንጀት ካንሰር ይህን ችግር ለመፍታት የፈረንሳዩ ዤሮም ጋሎንና ባልደረቦቹ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ሲዲ 3 እና ሲዲ 8ን በዕጢው መሃልና ዳር የሚቆጥር አንድ ወጥ መለኪያ አወጡ፤ በ2018 የታተመው ማረጋገጫቸው ከ13 አገሮች የተውጣጡ ከ2,600 በላይ ታካሚዎችን አካቷል። ለሐሞት ከረጢት እንዲህ ያለ በስፋት የተረጋገጠ መለኪያ የለም።

ልኩ ከውጭ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ እኛ ከማንም በፊት የምናውቅበት ምክንያት አለን። ማስረጃው ከአዳማ አፍንጫ ሥር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ይከታተል ነበር። በ1999 ከዚያው ፕሮጀክት የወጣ ጥናት ኤችአይቪ የሌለባቸውን ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከኔዘርላንድስ ጤነኞች ጋር አነጻጸረ። የእኛ ሰዎች ሲዲ ፎር ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሲዲ 4ም ሲዲ 8ም ሴሎቻቸው ይበልጥ የነቁ ነበሩ፤ ገና ከበሽታ ጋር ያልተገናኙት ትኩስ ሴሎች ደግሞ አነስተኛ። ተመራማሪዎቹ በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ውስጥ መኖር አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። ጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ካለ፣ ከቶኪዮ ወይም ከሻንጋይ የመጣ የሲዲ 8 ልክ ለአርሲና ለምሥራቅ ሸዋ ታካሚ እንዲሁ ይሠራል ብሎ መቀበል ይከብዳል። ምናልባት ይሠራ ይሆናል። ግን ሳይለካ አይታወቅም፣ ለመለካት ደግሞ ናሙናው መኖር አለበት።

ቁጥሩ ሕክምና ይቀይራል ወይ?

ዕጣ ፈንታን የሚናገር ምልክት አለ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚናገር ምልክትም አለ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ሲዲ 8 እስካሁን የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የበዛለት ሰው በአማካይ ሻል ይለዋል። ታዲያ ሐኪሙ ይህን አውቆ የሚያደርገው የተለየ ነገር የለም።

«ኢሚውኖቴራፒስ?» ይባላል፤ የመከላከያ ሴሎችን ፍሬን የሚያላቅቀው ሕክምና ማለት ነው። እውነት ነው፣ እዚህ ላይ ለውጥ መጥቷል። ከ2010 ጀምሮ መቀደድ ላልቻለ የሐሞት መንገድ (የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦዎች) ካንሰር የመደበኛው ሕክምና መሠረት ጀምሲታቢንና ሲስፕላቲን የሚባሉት ኬሞቴራፒዎች ናቸው። ይህንን ባረጋገጠው ጥናት ሁለቱ አብረው ሲሰጡ መካከለኛው የሕይወት ዘመን (ግማሾቹ ታካሚዎች ከዚያ በላይ የኖሩበት ጊዜ) ከ8.1 ወር ወደ 11.7 ወር ከፍ ብሏል። በ2022 ዱርቫሉማብ የሚባለው ኢሚውኖቴራፒ ሲጨመርበት ወደ 12.8 ወር ደረሰ፤ ያለ እሱ 11.5 ነበር። ፔምብሮሊዙማብም በ2023 ተመሳሳይ ውጤት አሳየ፣ 12.7 ለ 10.9። የአንድ ወር ጭማሪ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ግን መካከለኛው ቁጥር ሁሉን አይናገርም። በዱርቫሉማብ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከ100 ሰው ወደ 25 ሲሆኑ፣ ያልወሰዱት ወገን ወደ 10 ነበሩ። ጥቂት ሰዎችን በጣም ይጠቅማል፣ ብዙዎችን እምብዛም።

እነዚያን ጥቂቶች አስቀድሞ የሚለይ ምልክት ቢገኝ ነበር ትልቁ ድል። ፒዲኤል 1 የሚባለው፣ የመከላከያ ሴሎችን ፍሬን የሚያስይዝ ፕሮቲን ይለያቸዋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ በእነዚህ ጥናቶች ግን በደንብ አልለየም። በዚያ ላይ መድኃኒቶቹ ከአብዛኛው የአዳማ ቤተሰብ አቅም በላይ ናቸው። ቤት ሸጦ ከመነሳት በፊት እነዚህን ቁጥሮች ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ነውር የለውም።

በዚያው ሰም ውስጥ ባለው ሥጋ ላይ፣ በዚያው የቡናማ ቀለም ዘዴ፣ ሕክምና የሚቀይር ምልክት ግን አለ። ሄር 2 ይባላል። በጡት ካንሰር ብዙዎች ሰምተውታል። ከሐሞት ከረጢት ካንሰሮች ውስጥ ከአሥር አንድ እስከ ከአምስት አንድ የሚሆኑት ይህ ፕሮቲን በዝቶባቸው ይገኛሉ። ለእነሱ የታለመ መድኃኒት አለ፤ በ2024 መጨረሻ አሜሪካ ዛኒዳታማብ የሚባለውን ለዚሁ ፈቅዳለች። ሌላው የዲኤንኤ ጥገና ፕሮቲኖች ምርመራ ነው። የጎደለባቸው ጥቂት ናቸው፤ ጎድሎ ሲገኝ ግን ኢሚውኖቴራፒ ጥሩ ይሠራል። ገንዘብ ለአንድ የቀለም ምርመራ ብቻ የሚበቃ ከሆነና ሕመሙ የተሰራጨ ከሆነ፣ እኔ ብጠየቅ ከሲዲ 8 በፊት ሄር 2 እላለሁ።

ናሙናው የት ገባ?

ብዙ ሰው ይህ ካንሰር እንዳለበት የሚያውቀው ለጠጠር ብሎ ከተቀደደ በኋላ ነው። ከረጢቷ ትወጣለች፣ ፓቶሎጂ ትሄዳለች፣ ማንም ያልጠበቀው ውጤት ይመጣል። ይህ እንዲያውም ዕድለኛው መንገድ ነው፣ ምክንያቱም ካንሰሩ ገና ትንሽ እያለ ይያዛል። ካንሰሩ ከከረጢቷ የውስጠኛው ስስ ሽፋን ካላለፈ የተደረገው ቀዶ ሕክምና ራሱ ይበቃል። ወደ ጡንቻው ወይም ከዚያ ካለፈ ግን ሁለተኛ ቀዶ ያስፈልጋል፤ ከጉበቱ አጠገቡ ያለው ክፍልና የሊምፍ ዕጢዎች ይወጣሉ። በአሥር የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት፣ ሁለተኛው ቀዶ ከመጀመሪያው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የተደረገላቸው ሰዎች የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። እንግዲህ ውጤቱ ሁለት ወር ዘግይቶ ቢመጣ ያ መስኮት ተዘጋ ማለት ነው።

እኛ ጋ ከቀዶ ክፍል ሲወጣ ለቤተሰብ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ጠጠሩ ነው። በጠርሙስ ተደርጎ ይሰጣል፣ ጎረቤት ይደነቅበታል፣ ፎቶው በቴሌግራም ይዞራል። ከረጢቷስ? አንዳንዴ ቤተሰቡ በዕቃ ይዞ ወደ ፓቶሎጂ እንዲወስድ ይነገረዋል። ብሩ ያልቃል፣ ወይም «ጠጠር ነበር፣ ወጣ፣ አለቀ» ይባልና ዕቃው ቤት ይቀራል። ከአሰላ ወይም ከመተሐራ ለመጣ ሰው አዳማ ላይ ሌላ ቀን ማደርም ወጪ ነው።

ስለዚህ ለጠጠር የሚቀደድ ዘመድ ያለው ሰው ከቀዶው በፊት ይጠይቅ፦ ከረጢቷ ፓቶሎጂ ትላካለች? ማን ይወስዳታል? ውጤቱስ መቼ ይደርሳል? ዕቃው ለቤተሰብ ከተሰጠ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ፈሳሹም ከሥጋው በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት። ውሃ ወይም አረቄ አይሆንም። በአዳማ ሙቀት ያለ ፎርማሊን የተቀመጠ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ሲዲ 8 ይቅርና ካንሰር መኖር አለመኖሩም አይታይም። ለረጅም ጊዜ ማቆየትም ጥሩ አይደለም፣ የቀለም ምርመራውን ያበላሻል። በቀናት ውስጥ ይድረስ።

ውጤቱ ካንሰር ከሆነ ወረቀቱ ላይ መፈለግ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ካንሰሩ እስከ የትኛው ሽፋን ገባ? በጉበት በኩል ነው ወይስ ከጉበት ጋር ባልተጣበቀው በነፃው በኩል? የተቆረጠው ጫፍ ንጹሕ ነው? የሊምፍ ዕጢ ታይቶ ከሆነ ስንት ታየ፣ ስንቱስ ተነካ? እነዚህ ዛሬ ከማንኛውም የመከላከያ ሴል ቆጠራ በላይ ስለ ታካሚው ይናገራሉ። ከተጻፉ የቀዶ ሐኪሙ በእነሱ ይወስናል። ካልተጻፉ ፓቶሎጂስቱ ስላይዱን እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። በሰም የደረቀው ቁራጭ፣ ብሎክ የሚባለው፣ ላቦራቶሪው ጋ ይቀመጣል። የናሙናውን ቁጥር መዝግቦ መያዝ ነው። አዲስ አበባ ያለው የካንሰር ሐኪም ሄር 2 ይሠራ ቢል፣ የሚላከው ያው ብሎክ ነው።